አያቴ ሲመጡ የቆምነው ሰባ አምስት ሰዎች

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆን አለመሆኑን እስካሁን አላወቅሁም። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልታሰረበትም። አንድ የገጠር ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። አሁን እንደገና ያስጀመረኝ ባለፈው ወር ክፍላችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። የክፍል ተጠሪ ስንመርጥ መምህሩ «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አሉን። እጃችንን አወጣን፤ ቆጠሩና ጻፉ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እኔ ግን እጄን እንዳወጣሁ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። «ማንንም» አልኳት። የጠበቅሁት ግን አያቴን ነበር፤ በፈረስ ሲመጡ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ገባ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ነበር። የሰፈራችን ሰው እቤቱ አገውኛ፣ ስብሰባና ትምህርት ቤት ሲሆን አማርኛ ይናገራል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ ሰፊ ሜዳ ነበረን። ከብትና ፈረስ ይግጡበታል፤ ለጊዮርጊስ ፈረስ ይጋለብበታል፤ ሴቶቹ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ እንጫወትበታለን፤ ወንዶቹ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩትን ኳስ ይራገጡበታል። ዝናብ ካባራ በኋላ የእርጥብ ሣርና የፈረስ ፋንድያ ሽታ ተቀላቅሎ ሲነሣ ዛሬም በአፍንጫዬ ይመጣብኛል። በዙሪያው የነበረው ማሳ ግን እየተተወ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተከልበት ጀምሮ ነበር፤ ሰው ዛፉን አክስሎ ይሸጠዋል። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ከብት የሚግጥበት ብዙ ቦታ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ሜዳው ብቻ ቀረ።

አያቴን የሰፈሩ ሰው «አያ ፈንታ» ይላቸዋል፤ እኔ «አባባ» ነበር የምላቸው። ረጅምና ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ስለጨረሱ የቀራቸው ንብረት አንድ ዳማ ፈረስ ነበር። ፈረሱን በአገውኛ ነው የሚያናግሩት። ጠዋት ወደ ሜዳው ሲወስዱት ሌሊት የሰሙትን ዜና የሚነግሩት ይመስሉ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለቀበሌያችን ጤና ኬላ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ቀበሌው ያሰበው ሜዳውን ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ በስብሰባ መወሰን ነበረበት። አባባ ጤና ኬላውን አልጠሉትም። «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ይሥሩት፤ እዚያ ድንጋይ እንጂ ሣር የለ» ነበር የሚሉት። ሜዳው ከተዘጋ ፈረሱን መሸጣቸው እንደማይቀር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሳምንቱን ሙሉ በስብሰባው የሚናገሩትን ንግግር ለእኔ፣ ለእናቴ፣ ደግሞ ለፈረሱ ሲለማመዱ ከረሙ። በመጨረሻ እናቴ ድንች እየላጠች፣ «አባባ፣ እኛ እኮ ተስማምተናል። ሄደው ለእነሱ ይንገሯቸው» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ አቆጣጠሩ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርሁ ቀሪው አይገባም። አገራችን ብርድ ነው። ሰው ስብሰባ የሚመጣው ጋቢ ወይም በርኖስ ተከናንቦ ነው፤ አንዴ የሞቀውን እጅ ማውጣት አይወድም። «እጅ አውጡ» ሲባል እጁን እጋቢው ውስጥ እንዳለ ከፍ ያደርገዋል፤ ከውጭ የሚታየው ትንሽ ጉብታ ብቻ ነው። ጉብታው እጅ ይሁን ጉልበት ማንም አይለይም። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ከከተማ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር፤ በፊተኛው ስብሰባ ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘ። ስለዚህ አዲስ ሥርዓት አወጣ። ከእንግዲህ የተስማማ ይቆማል፤ ያልተስማማ ይቀመጣል።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ሜዳው ላይ ተደረገ። ትልልቆቹ መጀመሪያ መዝገብ ላይ ፈረሙ። እኛ ልጆች መጫወቻችን ስለተያዘብን ጨዋታችንን ትተን ከኋላ ሣሩ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አሥራ ሦስት ነበርን፤ ይህን ቁጥር ደህና አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ለሱዚ ቡድን ስንከፈል አንድ ሰው ተርፎ ተጨቃጭቀን ነበርና። የረጠበ ጋቢ ሽታ ነበር። ሰማዩ በግምጃ ቤት ከተማ በኩል ጠቁሮ ነበር።

አባባ አልመጡም ነበር።

ሊቀመንበሩ አያ ተሻገር ሰማዩን አዩና «እንግዲህ ወሬ አናብዛ፤ ዝናቡ መጣ» አሉ። «ጤና ኬላው እዚህ ሜዳ ላይ ይሠራ የምትሉ ቁሙ!»

ማንም አልቆመም። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ አሳለ። ጎረቤታችን እቴ ጥሩ ነጠላዋን አስተካከለች። «አያ ፈንታ የታሉ?» የሚል ድምፅም ሰማሁ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ጊዜ መዝገቡ ላይ አጎንብሶ በእስክሪብቶ መስመር ያሰምር ነበር።

አባባ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ብቅ ያሉት ያኔ ነው። ያዘገያቸው ፈረሱ ነበር፤ ሲያጥቡትና ሲያስጌጡት አርፍደው፣ ለበዓል ብቻ የሚያወጡትን ባለ ቀይ ዘርፍ ልጓም አድርገውለት መጡ። ንግግራቸው ግማሹ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ፈረሱን እንዲያየው ፈልገዋል።

«ኖር! ኖር፣ አያ ፈንታ!»

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ ለመቆም ማሰብ አያስፈልግም፤ እግር ራሱ ይነሣል። እኛም አሥራ ሦስታችን ተነሣን። ሥራ አስኪያጁ ከመዝገቡ ቀና ሲል ሰው ሁሉ ቆሟል። ትንሽ የደነገጠ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ፊቱ በራ። በእስክሪብቶው እየጠቆመ መቁጠር ጀመረ። አባባ ከፈረስ ለመውረድ ጊዜ ይወስድባቸዋል። እስኪወርዱ፣ ልጓሙን በሜዳው ዳር ካለው ግራር ላይ እስኪያስሩ ማንም አልተቀመጠም። «በእግዜር፤ ኧረ ተቀመጡ» ብለው ወደ ሰዉ ሲዞሩ ሥራ አስኪያጁ ጽፎ ጨርሷል።

«ሰባ አምስት ድጋፍ፤ ተቃውሞ የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አለ።

«ምኑ ነው የጸደቀው?» አሉ አባባ።

«ጤና ኬላው እዚህ ሜዳ ላይ እንዲሠራ ነዋ፣ አባት።»

አባባ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ሁላችሁም?»

ሰዉ ሁሉ ሣሩን ነው ያየው። አያ ተሻገር እንኳ ባርኔጣቸውን ነው ያዩት። «አይ፣ ለእርስዎ ነው የቆምነው» ማለት ቀላል ይመስል ነበር፤ ግን «ሜዳውን ያስወሰዱት እርስዎ ነዎት» ማለትም ይሆናል። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ጠብታው ወረደ፤ ሰው ጋቢውን እየተከናነበ ተበተነ። አባባ ያን ሁሉ ቀን የተለማመዱትን ንግግር አንድ ቃል ሳይናገሩ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ተመለሱ። የዘርፉ ቀይ ቀለም በዝናቡ ለቆ በፈረሱ አንገት ላይ ይወርድ ነበር።

እኔ ተምታታብኝ። ሰው የቆመው ለምንድን ነው? በሚቀጥሉት ቀናት የማገኘውን ሁሉ ጠየቅሁ። እቴ ጥሩ «ለአባባሽ ነው እንጂ ለማን እቆማለሁ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «ከቆምኩ በኋላ ደግሞ ጤና ኬላውም ደግ ነው ብያለሁ» አለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ሰው ሲቆም ቆምኩ» አለኝ። አያ ተሻገርን ስጠይቃቸው «አንች ልጅ፣ ትምህርትሽን አጥኚ» አሉኝ። እናቴን ጠየቅሁ፤ እሷም ስብሰባው ላይ ነበረች፣ ቆማለችም። «ዝም በይ፤ የትልቅ ሰው ነገር ነው። አባባ ይህን ቢሰሙ ያፍራሉ» አለችኝ። እኔም ምን እንደማውቅ እርግጠኛ ስላልሆንሁ ዝም አልሁ።

አባባ ግን ያመኑት ይህን ነው። ሰባ አምስት ጎረቤት ከጀርባቸው መክሮ ትቷቸዋል። ሰንበቴ መቀመጥ ተዉ፤ ድርሻቸውን ይልካሉ፣ እሳቸው ግን አይሄዱም። ለሽምግልና ሲጠሩ «ሌላ ሰው ይፈለግ» ይላሉ። ከሁሉ የከበደው ደግሞ ይህ ነበር፤ በመንገድ ሲያልፉ ሰው እንደ ልማዱ ይነሣላቸዋል። «ኖር!» ይላቸዋል። እሳቸው ከፈረስ ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩና «መቆም ትወዳላችሁ እናንተ» ብለው ያልፋሉ። ሰዉ አክብሮ በተነሣ ቁጥር የእሳቸው ቁስል ይነካል። እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ ሁለቱንም ወገን አያለሁ፤ የቆመው ሰው ፊት ላይ ያለውን ግራ መጋባት፣ የአያቴንም ጀርባ።

ሜዳው በቀርከሃ ታጠረ። አዲስ የተሰነጠቀው ቀርከሃ ሽታ ለሳምንታት ሰፈሩን ሞላው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሠራም። አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛው መጣ። ሣሩ አጥሩ ውስጥ እስከ ጉልበታችን አደገ፤ የሚበላው ከብት የለም፤ የሚታከምበት ሰውም የለም። ይኼ ነገር ለእኔ ጨርሶ አይገባኝም ነበር። አባባ ፈረሱን አልሸጡም፤ እኔና እናቴ ከወንዝ ዳር ሣር አጭደን እየተሸከምን ነው ያቆየነው። ፈረሱም ከሳ። በአጥሩ በኩል ስናልፍ አንገቱን በቀርከሃው ክፍተት አስገብቶ የደረሰበትን ያህል ይነጫል፤ አባባ አይከለክሉትም።

በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ሁለት ሰዎች ሥራውን ለማስጀመር ከወረዳ መጡ፤ አንድ ሰውዬና ፋይል የያዘች ሴትዮ። ሰው አጥሩ ዙሪያ ተሰበሰበ። አባባም በፈረስ ሲያልፉ ፈረሱ እንደ ልማዱ ለመንጨት ቆመባቸው። ሴትዮዋ የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ገልጣ አነበበች፤ ተመልሳ አነበበች። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ጠራችው።

«የፈረሙት ስልሳ ሁለት ሰዎች ናቸው። የደገፉት ደግሞ ሰባ አምስት። አሥራ ሦስቱ ከየት መጡ?»

ወጣቱ መዝገቡን ተቀበላት፤ ጣቱን እያስኬደ ቆጠረ፤ ግንባሩ አላበው። አሁን ሳስበው ያኔ የዛሬውን የእኔን ዕድሜ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ነበር። «በሙሉ ድምፅ» ብሎ መጻፍ ደስ ብሎት ነበር፤ አለቆቹም ደስ እንደሚላቸው ያውቃል። እኔም ዛሬ የቤት ሥራዬን ንጹሕ አድርጌ ሳስረክብ ያን ፊቱን አስታውሳለሁ። ያኔ ግን አላዘንኩለትም። አሥራ ሦስት የሚለው ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«እኛ ነን» አልሁ።

«እናንተ እነማን?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ልጆች። አሥራ ሦስት ነበርን። እኛም ቆመን ነበር።»

«ልጆች ለጤና ኬላ ድምፅ ሰጣችሁ?»

«አይ። አባባ ሲመጡ ነው የቆምነው። ሁሉም ሰው አባባ ሲመጡ ነው የቆመው።»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ዘግይታለች። እቴ ጥሩ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ ወደ አያ ተሻገር ዞረች። «እውነት ነው? ለሽማግሌው ነው የቆማችሁት ወይስ ለጤና ኬላው?»

አያ ተሻገር ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። «ሁለቱም ነው» አሉ። «ምን ይባላል እንግዲህ? ሁለቱም ነው።»

ሴትዮዋ መሳቅ እንደፈለገች ከንፈሯን ነከሰች። ፋይሉን ዘጋችና «በዚህ ወረቀት ሥራ አይጀመርም። እንደገና ተሰብሰቡ» ብላ ሄደች።

 ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ከፈረሱ ወርደው አብረውኝ በእግር ሄዱ። እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበር።

«ማስቴ፣ ያልሽው እውነት ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አንችም ቆመሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ።»

ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው እየሳቁ ነው፤ እንደ ልማዳቸው ያለ ድምፅ። «እኔው መጥቼ እኔው አጸደቅሁት በይኛ!» አሉ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አሉ። የፈረሱን ልጓም ተቀብያቸው ፊት ፊት ሄድኩ። 

ለሁለተኛው ስብሰባ አባባ ገና ቅዳሴ እንዳለቀ ከማንም ቀድመው ሜዳው ላይ ደረሱ። የአጥሩ አንድ በኩል ተከፍቶ ነበር። ፈረሱን ያለ ጌጥ አስረው፣ ከሁሉ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዙረው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ እኛን ልጆችን ከአጥሩ ውጭ አስወጣና «አንድም ልጅ እንዳይገባ!» ብሎ በጣቱ አስፈራራን። በቀርከሃው ክፍተት ዓይናችንን ደቅነን እናይ ነበር።

አባባ የተለማመዱትን ንግግር ተናገሩ፤ ሲለማመዱት ደጋግሜ ስለሰማሁት አብሬ አልኩት። ሲጨርሱ ጨመሩበት፦ «እኔ ዛሬ ቀድሜ መጥቻለሁ፤ ከዚህ ድንጋይም አልነሣም። ለእኔ ብላችሁ እንዳትቆሙ። ለጤና ኬላው የምትቆሙ ግን ፊቴን እያያችሁ ቁሙ።»

 መጀመሪያ የቆመችው እቴ ጥሩ ናት። እኔ ዓይኔን አላመንኩም፤ ቤታቸው ከቤታችን ጋር አጥር ይጋራል። «አያ ፈንታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ልጄ ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ነው እስከ መኪናው መንገድ ያወረድናት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ዳገት በክረምት ቃሬዛ አያሳልፍም። ሜዳው ይሻላል።»

«ይህን ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ አባባ።

«ያኔማ ማን ጠየቀኝ? መጥተው አስቆሙኝ!»

ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መቆም ጀመረ። አባባ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ አብረው ቆጠሩ፤ አንዱ አፍሮ ጎንበስ ሲል «ቀና በል እንጂ፣ ትቆጠር!» ይሉታል። ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች ቆሙ። አባባን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ተቀመጡ። ጤና ኬላው ሜዳው ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። አባባ ተሸነፉ፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሳቸው ግን የተቀመጡትን አሥራ ስምንት ሰዎች ዞረው ሲያዩ ፊታቸው የሠርግ ቤት ሰው ፊት ሆኖ ነበር። ምኑ ደስ እንዳላቸው ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ለመሄድ በትራቸውን ተደግፈው ከድንጋዩ ተነሡ። የተቀመጡት አሥራ ስምንቱ ሰዎች አብረው ብድግ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ከፍ አድርጎ እያወዛወዘ ጮኸ። «ይኼ አይቆጠርም! ይኼኛው መቆም አይቆጠርም!»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አባባ ሲስቁ ድምፃቸውን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው እረፍት አገር ቤት ሄጄ ነበር። ጤና ኬላው በሜዳው ታችኛው ጥግ ቆሟል፤ ከእኛ ጋር ሱዚ ትጫወት የነበረች አንዷ አሁን እዚያ ልጇን ታስከትባለች። ላይኛው ግማሽ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ የአባባ ዳማ ፈረስ እስኪሞት ድረስ እዚያው ጋጠ። አባባ አሁን በበትር ነው የሚሄዱት፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ትልልቆቹ እንደ ድሮው ይነሡላቸዋል፤ የእኔ እኩዮች ግን ስልካቸው ላይ ስላጎነበሱ አንዳንዴ ሳያዩዋቸው ያልፋሉ። ክፍላችን ውስጥ ድምፅ ስንሰጥ ቁጥራችን ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ማን ምን እንዳሰበ ግን አላውቅም፤ ማንም «ፊቴን እያያችሁ» አይለንም። የሁለተኛው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቀበሌው ቢሮ ውስጥ አለ፤ አስፈቅጄ አየሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ድጋፍ፣ አሥራ ዘጠኝ ተቃውሞ ይላል። ከተቃዋሚዎቹ ፊርማ መጀመሪያ ላይ የአያቴ የጣት አሻራ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በዚያ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ቀኑ ተጽፏል፦ ግንቦት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.